ከጦርነት በኋላ ጎረቤትን ለማስታረቅ፦ ከወፍጮ ቤቱና ከገበያው ጀምሩ

የሰላም ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረመው ሰው ከሞተበት ቦታ ርቆ ነው። የሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ1992 ሮም ላይ ተፈረመ። የቡሩንዲ በ2000 አሩሻ ላይ፣ የላይቤሪያ በ2003 አክራ ላይ። የእኛው የሰሜኑ ጦርነትም ፊርማው ያረፈው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ነው። ፈራሚዎቹ ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ልጇ የተገደለባት እናትና ልጇ ታጥቆ የወጣባት እናት ግን በማግስቱም ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው።

እኔ የምጽፈው ስለዚያ ማግስት ነው። ወሎ ውስጥ ረጅም ዓመት አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእድራችን ጸሐፊ ሆንኩ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በሁለት የተቃቃሩ ጎረቤት ቀበሌዎች መካከል ለሽምግልና ከገቡት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። የቀበሌዎቹን ስም አልጠራም። ሰዎቹ አብረው መኖር የጀመሩት ገና አሁን ነው።

ከሁሉ በፊት የምለው ይህን ነው። እርቅን በስብሰባ አትጀምሩ። ሰው ወደደም ጠላም የሚገናኝባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ መልሱ። ወፍጮ ቤቱን፣ ገበያውን፣ ለቅሶውን። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በአዳራሽ ተሰብስቦ፣ ተጨብጭቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ያለቀ እርቅ ስንት ቦታ ፈርሷል! ከአዳራሹ ሲወጡ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነዋ የሚሄደው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። ጥይት ባልቆመበት ቦታ ይህ ሁሉ አይሠራም። ነፍሱን ለማትረፍ የሚሮጥን ሰው ታረቅ ማለት ግፍ ነው። በቅርባችንም ተኩስ ያልቆመላቸው ወገኖች አሉ፤ ለእነሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተኩሱ መቆም ነው።

ማን የት መሄድ እንዳቆመ እወቁ

ደብተር ያዙና ቤት ለቤት ዙሩ። ስለ ጦርነቱ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። እህል የት ታስፈጫላችሁ? ገበያ በየት በኩል ትሄዳላችሁ? ካለፈው ዓመት ወዲህ የማን ለቅሶ ቀረባችሁ? በእነዚህ መልሶች ቁስሉ የት እንዳለ ታገኙታላችሁ።

አንዲት ሴት ነበረች። ወፍጮ ቤቱ ከጓሮዋ ጀርባ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የእሷ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን ማሽላዋን አህያ ላይ ጭና፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ሌላ ቀበሌ ሄዳ ነው የምታስፈጨው። ጠዋት ወጥታ ከሰዓት ነው የምትመለሰው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ ሚዛኑ ላይ የሚቆመው የማን ወንድም እንደሆነ አጡት?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እኛም ስለ ወንድምየው አንድም ቃል አላነሳንም። የወፍጮውን ባለቤት ሄደን ለመንነው። ልጁ ወደ ሞተሩ ክፍል ይግባ፣ ሚዛኑን ሌላ ሰው ይያዝ አልነው። ከሁለቱም ወገን ጋብቻ ያላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ እሳቸው ያዙት። ሴቲቱ ወዲያው አልተመለሰችም። መጀመሪያ ልጇን ላከች። ቀጥሎ ጎረቤቷ ማሽላውን ተቀብላ አስፈጨችላት። ከዚያ አንድ ቀን ራሷ መጣች፣ ወረፋ ያዘች፣ ዱቄቷን አስመዝና ወጣች። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። እሱ ገና ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጣራ ሥር ይቆማሉ። የኋላውን ንግግር ያቀለለን ይሄ ነው።

የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ትንሽ፣ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚስተካከል፣ ማንንም ሽንፈት የማያስቆጥር።

ገበያውን ለሁሉም ክፈቱ

ስለ ገበያ ከዋጂር የተሻለ መምህር የለም። ዋጂር በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ያለ፣ የሶማሌ ጎሳዎች የሚኖሩበት ደረቅ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከድርቁ በኋላ፣ ጎሳዎቹ እርስ በርስ ይገዳደሉ ነበር። ግጭቱ ገበያው ድረስ ገባ። ሻጯ የሌላ ጎሳ ሴት መጥታ ስትገዛት አትወድም፣ ገዢዋም ትፈራለች።

ደቃ ኢብራሂም አብዲ የምትባል ወጣት እናትና ጥቂት ጓደኞቿ ተሰበሰቡ። ፖለቲከኞቹን አልጠበቁም። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገበያው ለማንኛዋም ጎሳ ሴት ክፍት እንዲሆን የሚከታተል ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። አንዲት ሴት ተከለከለች፣ ተሰደበች ሲባል ወዲያው ይደርሳሉ። ገበያው ሲረጋጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እዚህ ላይ ብልሃታቸውን ተመልከቱ። ሽማግሌዎቹን እንዲሰበስብ የመረጡት ከትንሹ ጎሳ የሆነን ሰው ነው። ትልልቆቹ ጎሳዎች አንዱ የሌላውን ጥሪ አይቀበልም፤ ከትንሹ የመጣን ግን ማንም አይፈራውም። ቀጥለው ወጣቱን፣ ነጋዴውን፣ የሃይማኖት መሪውን ጨመሩ። በ1995 ሥራቸው ከወረዳው አስተዳደር ጋር ተያይዞ ቋሚ የሰላም ኮሚቴ ሆነ። በኋላ ሌሎችም የኬንያ አካባቢዎች ቀዱት።

በእናንተ ገበያ ይህን ለማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሴቶች ምረጡ። ራሳቸው የሚሸጡ ይሁኑ፤ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ዶሮ፣ ምንም ይሁን። ጉሊታቸውን መግቢያው አጠገብ አድርጉላቸው። ደንቡ አጭር ይሁን። መሣሪያ ይዞ ገበያ መግባት የለም። በዘር ወይም በሃይማኖት አልሸጥልህም ማለት የለም። የሞተ ሰው ስም ጠርቶ መሳደብ የለም።

ከባዱ ጉዳይ የተዘረፈ ከብት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁበት ገበያው በአንድ ቅዳሜ ይበጠበጣል። አንድ ገበሬ በጦርነቱ ጊዜ የተወሰደበትን በሬ በሌላ ሰው እጅ ያየዋል። ጆሮው ላይ ያለውን ምልክት ያውቀዋል፣ በስሙ ቢጠራውም ዞር ይላል። ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? ገመዱን ከነጠቀ ደም ይፈሳል። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነበር። ባለቤቱ በሬውን ሳይነካ ለመግቢያዎቹ ሴቶች ይናገራል። እነሱ ከየወገኑ አንድ አንድ ሽማግሌ ይጠራሉ። በሬው ያን ቀን አይሸጥም፤ ገለልተኛ ሰው ቤት ያድራል። ምልክቱ በምስክር ከተረጋገጠ ይመለሳል። የያዘው ሰው ገዝቶት ከሆነ ደግሞ ከማን እንደገዛ ይናገራል እንጂ ሌባ ተብሎ አይዋረድም። በዚህ መንገድ የተመለሰ አንድ በሬ ከብዙ ንግግር በላይ ሰው ያሳምናል።

ለቅሶ ድረሱ

በእኛ ሀገር ከለቅሶ መቅረት ማለት «አንተ ለእኔ ሰው አይደለህም» ማለት ነው። ስለዚህ ለቅሶው ካልተመለሰ ገበያው ብቻውን አያዘልቅም።

መጀመሪያ ብዙ ሰው አትላኩ። ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው፣ ቢቻል በጋብቻ የተዛመዱና በዕድሜ የገፉ። አስቀድሞ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ቅርብ በሆነ ሰው በኩል ይጠየቅ። ድንገት መድረስ ሐዘንተኛን ማስደንገጥ ነው። ሲገቡ ክርስቲያኑ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ»፣ ሙስሊሙ ቤት «አላህ ይዘንለት» ብለው ይቀመጡ። ስለ ያለፈው አያንሱ። ትንሽ ቆይተው ይውጡ። የሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ትንሽ ሰፋ ብለው ይሂዱ።

ብዙ ቦታ የእድሩ ዕቃ ተዘርፏል ወይም ተቃጥሏል። ድንኳኑ የለም፣ ብረት ድስቱ የለም፣ ወንበሩ የለም። የሚረዳ ሰው ሲመጣ ለየቀበሌው ለየብቻ አትግዙ። አንድ ትልቅ ድንኳንና አንድ ሙሉ የድስት ስብስብ ለሁለቱ እድሮች በጋራ ይገዛ። ቁልፉ ተራ በተራ ይያዝ። ድንኳኑን ለመዋስ ሰው ወደ ወዲያኛው ሰፈር መሄዱ የግድ ይሆናል፤ እኛም የፈለግነው እሱን ነው።

የሙታኑ ስም ሲነሳ

ሰዎች አብረው መቆም ሲጀምሩ እውነቱ መውጣት አለበት። ተሸፋፍኖ የተቀመጠ ደም ለልጅ ይወረሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እዚህ ላይ ሩዋንዳን ማየት ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ እስር ቤቱ ከመቶ ሺህ በላይ ተጠርጣሪ ሞላበት። በመደበኛ ፍርድ ቤት ሁሉንም ማየት አይታሰብም ነበር። ስለዚህ የጥንቱን የመንደር ሸንጎ አድሰው ጋቻቻ ብለው አዋቀሩት። በ2002 በሙከራ ተጀመረ፣ በ2005 በመላ ሀገሪቱ ተዘረጋ፣ በ2012 ተዘጋ። ጎረቤት የመረጣቸው ዳኞች ሣር ላይ ተቀምጠው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን አዩ። ጉድለቱ ቀላል አልነበረም። ተከሳሽ ጠበቃ አልነበረውም። በቂም የተከሰሰ ሰው ነበር። አሸናፊው ጦር የፈጸመው በደል በዚያ ሸንጎ አልታየም። የሆነ ሆኖ አንድ ትልቅ ነገር ሠራ። አስከሬን የት እንደተጣለ የሚያውቁ ሰዎች ተናገሩ፣ ብዙ ቤተሰብም ወገኑን አውጥቶ ቀበረ።

እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሐዘንተኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ገደለው?» ብሎ አይደለም። «የት ነው ያለው?» ነው የሚለው። ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ።

ለየወገኑ ለየብቻ መዝገብ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የጠፋበት ወይም የሞተበት ቀን፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ ተቀብሯል ወይስ አልተቀበረም። «ጠላት»፣ «ሽብርተኛ»፣ «ጀግና» የሚል ቃል እዚያ ውስጥ አይግባ። ሁለቱ መዝገቦች ሲጨርሱ በአንድ ላይ ይነበቡ፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ፣ እየተፈራረቁ። ድምሩን አታንብቡ። ድምር ከተነበበ ሰው ሐዘኑን ትቶ «የእኛ ይበልጣል» ወደሚል ክርክር ይገባል። ስም ሲጠራ ግን ዝም ብሎ ይሰማል። አንድ ስም በተነበበ ቁጥር ከወዲያኛው ወገን አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ይበል።

ስለ መደፈር በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህ ጉዳይ ወደ ሽምግልና አይገባም። በጉባኤ አይነሳም፣ በስም አይመዘገብም፣ በካሳ አይዘጋም። «የደፈራት ያግባት» የሚል ሽማግሌ ካለ ከኮሚቴው ይውጣ። የተጎዳችው ሴት የምታምናት አንዲት ሴት ወይም የጤና ባለሙያ ብቻ ታነጋግራት። ወደ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሕግ መሄዱ በእሷ ፈቃድ ይሁን። ሰላም ለማውረድ ሲባል ስንት ሴት አፏን ዘግታ ኖራለች! ሁለተኛ በእኛ እጅ እንዲህ አይሁን።

ካሳና ደም

ወሎ ውስጥ የተጣላን የሚያስታርቁ አበጋሮች የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። ራያ ላይ ደም የሚያደርቀው የሽምግልና ሥርዓት ዘወልድ አለ። ኦሮሞው ጉማ የሚባል የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት አለው። በሰሜን ኡጋንዳ የአቾሊ ሕዝብ ማቶ ኦፑት የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ካሳው ከተከፈለ በኋላ የገዳይና የሟች ወገኖች መራራ ሥር የተጨመረበትን መጠጥ ከአንድ ዕቃ አብረው ይጠጣሉ። እነዚህን ሥርዓቶች አክብሩ። ሰው በደሙ የሚያውቃቸው ናቸው።

ግን ልካቸውን እወቁ። እነዚህ ሥርዓቶች የተሠሩት እገሌ እገሌን ገደለ ለሚባል ነገር ነው። ጦርነት ላይ ከሩቅ የተተኮሰ መድፍ ቤት ያፈርሳል፤ ገዳዩ ስም የለውም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ይቅር ሊል አይችልም፣ መብቱም የለውም። ያ የመንግሥትና የፍርድ ቤት ዕዳ ነው። ያለፉ በደሎች በፍርድ፣ እውነትን በማውጣትና በካሳ እንዲታዩ የሚለው የሀገሪቱ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ተፈጻሚነቱን መጠየቅ የሁላችንም መብት ነው። በመንደር የሚታየው በመንደር የሚታወቀው ብቻ ነው፦ ጎረቤቱን የጠቆመ፣ ቤት ያቃጠለ፣ ከብት የነዳ፣ በእጁ የገደለ።

ካሳ አይዘግይ። በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑ በእ.ኤ.አ. 1996 ተጎጂዎችን መስማት ጀመረ። የአንድ ጊዜ ክፍያው፣ ለአንድ ሰው 30,000 ራንድ፣ የመጣው ግን በ2003 ነው። ምሕረቱ ቀድሞ ካሳው ሲዘገይ ተጎጂው «እኔ ተረሳሁ» ይላል። አቅም ከሌለ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይጀመር። የተቃጠለን ቤት ጣራ ለመክደን ከአቃጣዩ ወገን የመጡ ሰዎች እንጨት ተሸክመው ሲመጡ አይቻለሁ። ባለቤቷ ደጃፉ ላይ ቆማ «ይህኛው ጎባጣ ነው፣ ሌላ አምጡ» አለቻቸው። ሌላ አመጡላት። ያን ቀን ነው እርቁ የተጀመረ የመሰለኝ።

ታጥቀው የነበሩት ልጆች

ስለ እነዚህ አጭር ልሁን። ሥራ ይፈልጋሉ። ሞዛምቢክ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1995 በጀመሩት ሥራ መሣሪያ ያስረከበ ሰው የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት ወይም የእርሻ መሣሪያ ይቀበል ነበር። በሴራሊዮን ደግሞ ፋምቡል ቶክ የተባለው የመንደር እርቅ አለ። ማታ እሳት አንድደው በዳይና ተበዳይ ይነጋገራሉ። በዚያ አይቆሙም። በኋላ አብረው የሚያርሱት የጋራ እርሻ ይኖራል። እኛም ጋ በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ሥራ አለ። እርከኑን ስትከፋፍሉ ቡድኑን አደባልቁት። አብሮ ድንጋይ የተሸከመ ልጅ ሌላ ጊዜ ለመተኮስ ይከብደዋል።

እንዳይፈርስ

ከእርቁ በኋላ ያለው ዓመት አደገኛ ነው። አደጋው የሚመጣባቸውን ወቅቶች አስቀድማችሁ ጻፉ። በበጋ ውሃና ግጦሽ ሲጠፋ። አዝመራ ሲሰበሰብ። ምርጫ ሲቃረብ። የእልቂቱ ቀን ሲከበር። በእነዚህ ጊዜያት ከየወገኑ ስልካቸው የማይዘጋ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። «እዚያ ሰፈር እየታጠቁ ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ ይደዋወሉ፣ ካልጠራ አብረው ሄደው ይዩ። ዋጂሮች ግጭት በተሰማበት ቦታ በፍጥነት የሚደርስ ቡድን ነበራቸው፤ ሽማግሌም፣ ሴትም፣ የመንግሥት ሰውም ያለበት።

በውጭ ሀገር ላላችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዋሽንግተንም ሁኑ ሪያድ፣ የሬሳ ፎቶ አታሰራጩ። እናንተ ስልኩን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ፤ እዚህ ግን ያ ፎቶ ሌሊቱን ሰው ያስነሳል። ገንዘብ ስትልኩም ለአንድ ወገን ብቻ የሚሆን አዳራሽ አትሥሩ። ሁለቱም ሰፈር የሚጠቀሙበት ወፍጮ፣ የውሃ ቧንቧ ወይም ጤና ኬላ ይሁን።

ለሽማግሌዎች አበል አትክፈሉ። ትራንስፖርትና ምሳ ይበቃል። አበል የለመደ ሽምግልና አበሉ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ተበዳዩም «ተከፍሎት ነው የሚለምነኝ» ይላል።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ቃለ ጉባኤው በ3 ቅጂ ይሁን፤ አንድ አንዱ በየእድሩ ሳጥን፣ ሦስተኛው በወረዳ ፍርድ ቤት። የፈረሙት ሰዎች ሁሉ ስም ከነአባት ይጻፍ፣ መጻፍ የማይችል አሻራውን ያድርግ። ሴቶቹም ይፈርሙ። ከ6 ወር በኋላ ተገናኝቶ የሚያየው ማን እንደሆነ፣ በማን ቤት እንደሚሰበሰቡ፣ ቡናውን ማን እንደሚያፈላ ጭምር እዚያው ላይ ጻፉት።